የገባሁበት ጸጥ ያለ ውኃ

ከባሕር ዳርቻው ሁሉ የመረጥኩት ጸጥ ያለውን ቦታ ነበር። ግራና ቀኙ ማዕበሉ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ይረጫል። መሃል ላይ ግን የመንገድ ስፋት ያለው ውኃ ዝም ብሎ ተኝቷል። ጠቆር ያለ ነበር። ለታናሽ እህቴ በእጄ አሳየኋትና "እዚህ ጋ ይሻላል" አልኳት። እሷ አሸዋው ላይ ቀረች፣ እኔ ገባሁ።

ዋና እችላለሁ። ገንዳ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ሳላርፍ እዋኛለሁ። ያን ቀን የተረፍኩት ግን መዋኘቴን በማቆሜ ነው። ይህን ታሪክ ዋና ለሚችል ሁሉ መንገር የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ውኃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆምኩ። ሁለት ሦስት ከፍ ያሉ ማዕበሎች ተከታትለው መጡ። እነሱ ካለፉ በኋላ እግሬ አሸዋ አልነካ አለኝ። ዘወር ስል የእህቴ ቀይ ፎጣ ርቋል። መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ፊቴን ወደ ዳር አዙሬ መዋኘት ጀመርኩ። ሃያ ጊዜ ያህል ቀዝፌ ቀና ስል ፎጣው ይበልጥ አንሷል። ባለ በሌለ ኃይሌ ቀጠልኩ። ይብስ ራቀ። ያኔ ልቤ ቀጥ አለች። ትንፋሼ ተቆራረጠ፣ ጨዋማውን ውኃ ጠጣሁ፣ ክንዴ ዛለ።

የያዘኝ ሪፕ ከረንት የሚሉት ጅረት ነበር። ማዕበል ወደ ዳር ሲመጣ ውኃ እየገፋ ያመጣል። የመጣው ውኃ መመለሻ ይፈልጋል። ከዳር ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ውኃው ሥር የተከመረው አሸዋ እንደ ግድብ ይይዘዋል። ግድቡ የተሰነጠቀበት ቦታ ካለ ውኃው በዚያ በኩል ተሰብስቦ ወደ ባሕሩ ይፈሳል። ስንጥቁ ጥልቅ ስለሆነ ማዕበሉ እዚያ ላይ እምብዛም አይሰበርም። ጸጥ ያለ የሚመስለውም፣ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው። እኔ የገባሁት መመለሻው በር ላይ ነበር።

ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። በደቂቃ ሲሰላ ግን 30 ሜትር ይወስዳል። በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ የተለካበት ጊዜም አለ። የኦሊምፒክ ዋናተኛ እንኳ እንዲህ የሚፈጥነው ለአጭር ርቀት ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ግብግብ የገጠመ ሰው ጉልበቱ ያልቃል። የሚገድለውም ድካሙና ድንጋጤው ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ጥልቁ አያሰምጥም፣ ከዳር ያርቃል እንጂ። ፍራንሲስ ሼፐርድ የተባለው አሜሪካዊ የባሕር ጂኦሎጂስት ይህን ለማስረዳት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1936 ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ከታች የሚስበኝ ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

መግቢያው ላይ በጨረፍታ ያየሁት የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ትዝ አለኝ። ከዳሩ ጎን ለጎን የሚሄድ ቀስት ተስሎበታል። እሱን ለማድረግ መጀመሪያ ትንፋሽ ያስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ዳሩ እየራቀ እያየሁ ዝም ብሎ መንሳፈፍ! ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደረቴ ረጋ አለ። አንድ እጄን አንስቼ አወዛወዝኩ።

ከዚያ አረፋውን ፈለግኩ። ማዕበል የሚሰበረው ውኃው በማይጠልቅበት ነው። ቅድም የሸሸሁት ነጭ ውኃ አሁን መውጫዬ ሆነ። ወደ ቀኝ ሞከርኩ፣ አልሄድ አለኝ። አልታገልኩም፣ ወደ ግራ ዞርኩ። ቀስ እያልኩ ስዋኝ መጎተቱ ለቀቀኝ። አረፋው ውስጥ ስገባ ማዕበሉ ራሱ ከኋላ ይገፋኝ ጀመር። በሰያፍ ወደ ዳር አቀናሁ፣ ጉልበቴ አሸዋ ነካ።

በኋላ ሳነብ፣ ተመራማሪዎች ያሉበትን ቦታ የሚያሳይ ጂፒኤስ የተገጠመላቸው ተንሳፋፊ ዕቃዎች ጅረቱ ላይ ለቀው እንደነበር አወቅኩ። ብዙዎቹ ዞረው ወደ ዳር ተመልሰዋል፣ ሌሎቹ ማዕበሉ ከሚሰበርበት አልፈው ወጥተዋል። ለዚህ ነው በአንድ በኩል እንቢ ሲል ሌላውን ጎን መሞከር ያለብን። አልፈው ቢወጡም ጅረቱ እዚያ ይደክማል። ተንሳፍፎ እርዳታ መጠበቅ ይቻላል።

ዳር ላይ የሆነውን የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። እህቴ በልብሷ ልትገባ ስትሮጥ አንድ ሽማግሌ ክንዷን ያዟት። "ልጄ፣ ሁለት እንዳትሆኑ" ብለው ሕይወት አድን ሠራተኛ እንድትጠራ ላኳት። እኒህን ሰው እስከ ዛሬ አልረሳቸውም። ሊያድኑ ገብተው የሰጠሙ ወንድሞችና አባቶች ብዙ ናቸው። ከዳር ሆኖ የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ይሻላል፤ ኳስም ቢሆን፣ የተከደነ ባዶ ጄሪካንም ቢሆን።

አየሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ባሕሩ አይታመንም። እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1938 በአውስትራሊያዋ ሲድኒ፣ ቦንዳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ትልልቅ ማዕበሎች ተከታትለው መጥተው 250 ገደማ ሰዎችን ወደ ባሕሩ ወስደዋል። የበጋ እሑድ ነበር፣ ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። አምስት ሰዎች ሞቱ። በዕለቱ ብዙ ሕይወት አድን ሠራተኞች እዚያው ባይገኙ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህም በላይ ይሆን ነበር።

አሁን ከመግባቴ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሜ አሥር ደቂቃ አያለሁ። አረፋ ወይም የደፈረሰ ውኃ ወደ ውስጥ እየሄደ እንደሆነ፣ የማዕበሉ መስመር የት ጋ እንደሚቋረጥ። ከድንጋይና ከወደብ ግንብ አጠገብ አልዋኝም፣ ጅረቱ እዚያ መፈጠር ይወዳል። ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆኑ ሁለት ባንዲራዎች ከተተከሉ በመሃላቸው እገባለሁ። ሕይወት አድን ሠራተኛ ከሌለ እግሬን ነክሬ እመለሳለሁ።

ከወር በኋላ ከእህቴ ጋር እዚያው ተመለስን። ከፍታው ላይ ቆመን ስናይ እሷ ቀደመችኝ። "ያውልህ" አለችኝ በጣቷ እያሳየችኝ። ጅረቱ ያኔ ከነበረበት ሃምሳ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሏል። የባሕር አረም ቁራጭ ጠቆር ባለው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ፣ ማዕበሎቹን በመሃል ሰንጥቆ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከዓይናችን እስኪጠፋ ተከተልነው።