በርበሬ ስላሰጣን ነው እንዴ የሚዘንበው?

ዛሬ ክላስ ውስጥ ጽሑፍ ተለዋውጠን ተራረምን። የኔ ስለ ዲሲዥን ኔትወርክ (ውሳኔን፣ እርግጠኛ ያልሆንበትን ነገርና የሚገኘውን ጥቅም በቀስት አያይዞ የሚያሳይ ሥዕል) ነበር፤ ሁለት ሌሊት የለፋሁበት ስለሆነ ምስጋና ብቻ ነበር የምጠብቀው። ምሳሌዬ የእማዬ በርበሬ ነው፦ ይሰጣ ወይስ አይሰጣ? ውሳኔው በአራት ማዕዘን፣ ዝናቡ በሞላላ ክብ፣ ጥቅሙ በዳይመንድ። የደረሳት ልጅ ከ"ማስጣት" ወደ "ዝናብ" የሳልኩትን ቀስት በእርሳስ ከበበችና "እናትህ በርበሬ ስላሰጡ ነው የሚዘንበው?" ብላ ጻፈችበት። (እማዬ ብትጠየቅ አዎ ነው የምትለው።)

እውነቷን ነው። ከውሳኔውም ከዝናቡም ቀስቱ መሄድ ያለበት ወደ ጥቅሙ ነው። ወደ ውሳኔው የሚገባ ቀስት ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፦ ከመወሰንህ በፊት ደመናውን አይተሃል ማለት ነው። እሱን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ስሌቱ ግን ተረፈልኝ። የዝናቡ ዕድል 0.3፤ ተሰጥቶ ፀሐይ ከሆነ ጥቅሙ 100፣ ከዘነበ 0፣ ቤት ከቀረ በሁለቱም 40። ማስጣት በአማካይ 70 ያወጣል፣ ስለዚህ ይሰጣ! ከሥሩ "0.6 ቢሆንስ?" የሚል ጥያቄ አገኘሁ። አስልቼ አየሁት፤ እኩል 40 በ40።

እኔ የሷ ወረቀት ላይ የጻፍኩት "ጥሩ ነው፣ በርቺ" ብቻ ነበር። አፈርኩ።