አንዲት ዱላ

ዛሬ ከሰዓት የጅማ ዝናብ አባርቶ ጀበናዬን በረንዳ ላይ ጣድኩ። የእህቴ ልጅ ጫፉ ቆልመም ባለ እንጨት የካልሲ ኳስ እየመታ ጭቃው ውስጥ ይሯሯጣል። አንዷ ምት ረከቦቱ ላይ አረፈች። ሁለት ስኒ እንክትክት! ተናድጄ እንጨቱን ቀማሁት። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ያኔ ጎልፈኛው ሴቬ ባዬስቴሮስ ትዝ አለኝ። በ1957 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ፔድሬኛ በምትባል የስፔን ባሕር ዳር መንደር፣ ከገበሬ ቤት ተወለደ። ልጅ ሳለ የነበረችው አንዲት ዱላ ናት፤ ታላቅ ወንድሙ የሰጠው። በእሷ አሸዋው ላይ ሲመታ ይውላል። የመንደሩ የጎልፍ ሜዳ የክለብ አባላት ነበር። ቀን የተጫዋቾችን ቦርሳ ይሸከማል፣ ሲመሽ ተደብቆ ገብቶ ይጫወታል። የአማተርነት ዘመኑ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ አሸዋና ጨለማ። በ16 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1979፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ከታላላቆቹ የጎልፍ ውድድሮች አንዱን፣ ብሪቲሽ ኦፕንን አሸነፈ።

እኔን ሁሌም አንጀቴን የሚበላኝ ያ ዱላዋን የሰጠው ወንድም ነው።

ረከቦቱን ወደ ቤት አስገባሁ። እንጨቱንም መለስኩለት። «ና የኔ ጌታ፣ ወደ አጥሩ ዞረህ ምታ» አልኩት።