«ላይ» እና «ሌይ»፦ ሰንጠረዡን ከመሸምደዳችሁ በፊት

በእንግሊዝኛ «ላይ» መተኛት፣ መጋደም ነው፤ «ሌይ» ደግሞ ማስተኛት፣ ማጋደም። (በጥቅስ ውስጥ ያለው «ላይ» እንግሊዝኛው ነው፤ የእኛው «ላይ» አይደለም።) እዚህ ድረስ አማርኛ ተናጋሪን የሚያስቸግር ነገር የለም። ተኛና አስተኛን፣ ተጋደመና አጋደመን ሳንማር ነው የለየናቸው። ሉቃስ ምዕራፍ 2 ሁለቱንም ይዟል፦ ቁጥር 7 «በግርግም አስተኛችው» ሲል እንግሊዝኛው «ሌይድ» ነው፤ ቁጥር 16 «ተኝቶ አገኙ» ሲል «ላይንግ» ነው። እኔ ስጽፍ «ማንን? ምንን?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው «ሌይ»፣ ከሌለው «ላይ»።

«ላይ ለሰው፣ ሌይ ለዕቃ» የሚለውን አቋራጭ ያስተማራችሁ ካለ እርሱት። ይህ ደንብ ስንቱን እንዳሳሳተ ሳስብ እስካሁን ያናድደኛል። ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ መጽሐፍ «ላይንግ» ነው። ጎንደር ከጣና በስተሰሜን «ላይስ» ይባላል። ነርሷ ታካሚውን አልጋው ላይ ስታስተኛ ግን፣ ታካሚው ሰው ቢሆንም «ሌይስ» ነው።

ዋናው መከራ ኃላፊ ጊዜ ነው። የ«ላይ» ኃላፊ «ሌይ» ነው፤ ከሌላው ግስ የአሁን ጊዜ ጋር በፊደልም በድምፅም አንድ። «ትናንት ከሰዓት ተኛሁ» ለማለት «የስተርደይ አፍተርኑን አይ ሌይ ዳውን» ነው ትክክሉ። አብዛኛው ሰው «ሌይድ ዳውን» ብሎ ይጽፋል። ጆሮም አያድንም፤ «ሌይድ» መጨረሻው ድ፣ «ዳውን» መጀመሪያው ድ ስለሆነ በፈጣን ንግግር ሁለቱ አይለዩም። በዚያ ላይ አሜሪካኖቹ ራሳቸው በዕለት ንግግራቸው «አይም ሌይንግ ዳውን» ይላሉ። «ከተናጋሪዎቹ እየሰማችሁ ተማሩ» የሚለው ምክር ለሌላው ቃል ይሠራ ይሆናል፤ ለዚህ አይሠራም። ስታነቡ ግን አንድ ምልክት አለ፦ «ሂ ሌይ» ተብሎ መጨረሻው ላይ ኤስ ከሌለው ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ተኛ ማለት ነው።

መጽሐፎቹ ሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ (የአሁን ጊዜ፣ ኃላፊ ጊዜ፣ ከ«ሃዝ» በኋላ የሚመጣው ቅርጽ) ሰጥተው ሸምድዱ ይላሉ፦ «ላይ፣ ሌይ፣ ሌን»፤ «ሌይ፣ ሌይድ፣ ሌይድ»። ተሸምድዶ ፈተና ላይ የሚደባለቀው ይኸው ነው። እኔ የምመክረው ሽሽት ነው፣ ሰዋስው አስተማሪ ባይወደውም። ተኝቶ ነበር ለማለት «ወዝ ላይንግ» በሉ። ሄዶ ተኛ ለማለት «ወንት ቱ ቤድ» ይበቃል። ከጠዋት ጀምሮ እንደተኛ ነው ለማለት «ሃዝ ቢን ላይንግ»፤ «ሌን» የሚለውን ቃል ሳትጽፉ ዕድሜ ልክ መኖር ይቻላል። የተሠመረበትን ቦታ ሙሉ የሚል የሰዋስው ፈተና ከመጣ ብቻ ሰንጠረዡን አውጡት።

በአሜሪካ በነርስ ረዳትነት ለምትሠሩ፦ የታካሚ መዝገብ ላይ «ላይንግ ኢን ቤድ» ብላችሁ ጻፉ። «ሌይንግ» ምንን የሚል መልስ ይፈልጋል፤ ያለ መልስ በትክክል የሚቆመው በዋናነት ለዶሮ ነው፣ እንቁላል ስትጥል። አለቃችሁ በቃል «ሌይ ዳውን» ብትል ግን አታርሟት፤ እንጀራ ነው።

ፊደሉ ላይ፦ «ሌይድ» የሚጻፈው ኤል፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ ተብሎ ነው፤ ዋይ የለበትም። «ላይ» ኤል፣ አይ፣ ኢ ነው፤ «ላይንግ» ላይ ግን አይና ኢ ወድቀው ዋይ ይገባል። መዋሸትም «ላይ» ስለሆነ ኃላፊው «ላይድ» ነው። መዝገቡ ላይ «ላይድ ኢን ቤድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ታካሚው አልጋው ላይ ሆኖ ዋሸ ብላችኋል።