አቦሸማኔ ሲያስመልሰው ጥፋቱ የባክቴሪያው ብቻ ነው?

የጨጓራ ባክቴሪያው ኤች ፓይሎሪ በኛ አገር ለማንም እንግዳ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ ሄሊኮባክተር አሲኖኒኪስ ደግሞ በአቦሸማኔና በአንበሳ ጨጓራ ውስጥ ይኖራል። የዘረ መል ጥናት እንደሚያሳየው ወደ አራዊቱ የተሻገረው ከጥንት ሰዎች ነው (አራዊቱ ሰው በልተው ሳይሆን አይቀርም)።

በአጥር ውስጥ የሚኖር አቦሸማኔ ጨጓራው ሲቆጣ የበላውን ያስመልሳል፣ ሥጋው ሳይፈጭ በሰገራው ይወጣል፣ ቀስ እያለም ይከሳል። ችግሩ፣ አንዳንዱ ጨጓራው ክፉኛ ተጎድቶ እንኳ ምንም ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ሚዛን ላይ መውጣትን ማለማመድና ክብደቱን በየጊዜው መመዝገብ ያስፈልጋል።

ቁርጡ የሚታወቀው በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራ በማስገባት) ነው። እንስሳው ጾሙን አድሮ በማደንዘዣ ይተኛል፤ ናሙናም ከጨጓራው ላይኛ፣ መካከለኛና መውጫ ክፍል ይወሰዳል። መቆጣቱ እዚህም እዚያም ስለሚሆን አንድ ቁራጭ ብቻ መውሰድ ያሳስታል። ባክቴሪያው ተገኘ ማለትም በሽታው እሱ ነው ማለት አይደለም፤ የናሚቢያ የዱር አቦሸማኔዎች በብዛት ተሸክመውት ጨጓራቸው ግን ያን ያህል አይጎዳም። እኔ ጣቴን የምቀስረው በጭንቀት ላይ ነው። መሸሸጊያ የሌለው አጥር፣ ጎብኚ ከአራቱም አቅጣጫ፣ የማይስማማ ጎረቤት፦ እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚሰጥ መድኃኒት ከንቱ ድካም ነው።

ሕክምናው አሞክሲሲሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የአሲድ መቀነሻን አጣምሮ ለሳምንታት መስጠት ነው፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪሙ በክብደቱ ያሰላል። ሜትሮኒዳዞል (ፍላጅል የምንለው) እጅግ ይመራል። እንክብሉ ሥጋው ውስጥ ከተፈረከሰ አቦሸማኔው ያንን ሥጋ ብቻ ሳይሆን የነገውንም ሊጠረጥር ይችላል፤ ስለዚህ ሳይሰበር በትንሽ ጉርሻ ተሸፍኖ፣ ሲርበው፣ ከዋናው ምግብ በፊት ይሰጥ። መጠኑ ከበዛ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ ያመጣል። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም በሽታው ብዙ ጊዜ ያገረሻል።

ድንገተኛ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳልሞኔላ ወይም ክሎስትሪዲየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ይጠረጠራሉ። ጥሬ ዶሮ አንዱ የሳልሞኔላ መግቢያ በር ነው። በረዶ የሆነ ሥጋ ከ4 ዲግሪ በማይበልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቅለጥ እንጂ ባልዲ ውስጥ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ፤ የተረፈውም ቶሎ ይነሳ። ሳልሞኔላ በጤነኛ እንስሳ ሰገራም ስለሚገኝ የላብራቶሪው ውጤት ብቻውን አይበቃም።

አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ መመገብም አይበጅም። የጎድን አጥንት አዘውትረው የሚያገኙ አቦሸማኔዎች ትውከትና ተቅማጥ ያንሳቸዋል።