ትልቁን የወንዝ ፕራውን በድሬዳዋ ሙቀት ማኖር

ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ገንዳው ፊት ሲቆም የሚጠይቀኝ ስለ ፕራውኑ፣ ከሸርጣን ጋር ስለሚዛመደው ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ፣ ክንዶች ነው። ይቆነጥጣል? ዓሣ ይበላል? ክዳን ከፍቶ ይወጣል? የሦስቱም መልስ አዎ ነው። ይህን እንስሳ ድሬዳዋ ላይ ማኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሐሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው። በገንዳው ውስጥ ያሉት ሁሉ የሚፈሩት እርሱን ነው፤ ውሃው ሲከፋ ቀድሞ የሚሞተውም እርሱ ነው። ዓሣን በሌሊት ይዞ የሚቦጫጭቅ ጉልበተኛ፣ የግንቦትን ሙቀትም ከጎረቤት ክፍል የሚመጣ የፍሊት ብናኝንም አይችልም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ስለ ውሃና ስለ አየር ነው፤ አደኑን እርሱ ራሱ ያውቅበታል።

በሳይንስ ስሙ ማክሮብራኪየም ሮዘንበርጊ ይባላል። አገሩ የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞች ናቸው፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ለምግብ ይረባል። ወንዱ እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክንዶቹ ከዚህ ልኬት ውጭ ናቸው፣ ከሰውነቱ የሚበልጡበትም ጊዜ አለ። በቤት ገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ሕፃን ሳለ ሰውነቱ ውስጡን ስለሚያሳይ አልጌ (የውሃ ሽበት) ከሚግጡት ሰላማዊ ሽሪምፖች፣ ማለትም ከትንንሽ ዘመዶቹ፣ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጣል። መለያው ሁለተኛው ጥንድ እግር ነው። በሰላማዊዎቹ ላይ የፊተኞቹ እግሮች አጫጭር ናቸው፤ በዚህኛው ላይ ሁለተኛው ጥንድ ገና ከልጅነቱ ወደ ፊት ረዝሞ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ይይዛል። ሻጩ ምንም ቢል እግሩን አይቶ መግዛት ይሻላል።

የእኔዎቹ የመጡት ከአዲስ አበባ፣ የእስያ የጌጥ ዓሣ ከሚያስመጣ ነጋዴ ዘንድ ነው፤ በባቡር አመጣኋቸው። ግንባሩ ላይ ያለው ቀንድ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ ፕላስቲክ ይበሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ለብቻው በድርብ ከረጢት፣ የሚይዘው አንድ ቁራጭ የፕላስቲክ መረብ ተጨምሮለት፣ ሁሉም በፎም ሣጥን ተዘግተው ተጓዙ። በአንድ ከረጢት ቢታሸጉ መንገድ ላይ ቅርፊቱን የጣለው ለሌሎቹ ምግብ ይሆናል። ቤት ከደረሱ በኋላ የገንዳውን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ለሰዓታት እየጨመርኩ አለማመድኳቸው፤ የእኛ ውሃ ከለመዱት ይልቅ ኖራ የበዛበት ነውና።

ገንዳውን ያሠራሁት እዚሁ ከተማ መስታወት ቤት ነው። ያዘዝኩት ዝቅ ያለና ወለሉ ሰፊ እንዲሆን ነበር፤ ፕራውን የሚኖረው ወለል ላይ ስለሆነ ቁመት ብዙም አይጠቅመውም። አንድ ሜትር በግማሽ ሜትር፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር። ሲሞላ 200 ሊትር ይይዛል፤ ከመስታወቱና ከአሸዋው ጋር ከሁለት ኩንታል በላይ ስለሚመዝን መቆሚያው በብየዳ ቤት ከአንግል ብረት ተሠራ። ሲሊኮኑ የሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው መድኃኒት ወደ ውሃው ይለቃል። ክዳኑ በሚገባ ይግጠም፣ የቱቦና የሽቦ መግቢያውም በስፖንጅ ይታፈን፤ በሌሊት ቱቦውን ይዞ ይወጣልና። መደበቂያ ከፍሳሽ ቱቦ ቁራጭና ከተሰበረ እንስራ ሠራሁ። መደበቂያው ከእንስሳቱ ቁጥር ይብለጥ፤ እያንዳንዱም ሁለት መውጫ ይኑረው። አንድ መውጫ ባለው ቱቦ ውስጥ የገባ ደካማ፣ ጉልበተኛው በሩ ላይ ከቆመ አለቀለት።

ከተማችን የኖራ ድንጋይ ባለባቸው ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ናት፤ የምንጠጣውም ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ግርጌ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው የለም። ፕራውን ቅርፊቱን የሚሠራው ከካልሲየም ስለሆነ ሌሎች በገንዘብ የሚገዙትን ማዕድን እኛ ከቧንቧ እናገኘዋለን። ሲበዛ ግን ይጎዳዋል። የውሃው ጥንካሬ፣ ማለትም በውስጡ የሟሟው ኖራ መጠን፣ በሊትር ከ300 ሚሊ ግራም ሲያልፍ እድገቱ ይቀንሳል፤ በደረቁ አየራችን ደግሞ ገንዳው በየቀኑ ይተናል። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ኖራው ይቀራል። የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላ ሰው በኖራ ላይ ኖራ ይጨምራል። እኔ የምሞላው ፈልቶ ከቀዘቀዘና ኖራው ግርጌ ላይ ከቀረ ውሃ ነው፤ ከዚያ በተጨማሪ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል እቀይራለሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብ አልጠቀምም፤ ዚንክ ይዞ ይወርዳል፣ ዚንክም እንደ መዳብ ሁሉ ለዚህ ዘር መርዝ ነው። የዓሣ መድኃኒት ሲገዛም መዳብ ያለበት መሆኑን ማየት የግድ ነው።

ኖራው ሌላም ጣጣ አለው። የውሃውን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን ወይም የአልካሊነቱን ልክ፣ ከ8 በላይ ያደርሰዋል። ከቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ውሃው 28 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 7 ሲሆን መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8.2 ሲሆን ግን ከመቶ አሥር ገደማ ይሆናል። ኖራ በማይበዛበት ውሃ ውስጥ ምንም የማያደርግ ቆሻሻ እኛ ጋ ይገድላል። ስለዚህ እንስሳቱን ከማምጣቴ በፊት ማጣሪያውን በባዶ ገንዳ ለሳምንታት አስኬድኩት፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣልኩለት። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያው ሁለቱንም ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ አንድም ፕራውን አልገባበትም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ምንም ያልተደረገለት ገንዳም ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ሙቀት ይጠጋል። ፕራውኑ ሙቀት ይወዳል፤ 28 ዲግሪ ላይ ይበላል፣ ያድጋል፣ ይጣላል። ከ33 ሲያልፍ ግን ይጨነቃል። ሙቀቱ ብቻውን ቢሆን ይሻል ነበር፤ ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር ሰባት ተኩል ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ልኩም ወደ ስድስት ተኩል ይወርዳል። ይህ እንግዲህ ውሃው መያዝ የሚችለውን ሁሉ ሲይዝ ነው። በሌሊት የውሃ ውስጥ ተክሎች ኦክስጅን መስጠት ትተው መውሰድ ይጀምራሉ፤ ፕራውኑም የሚንቀሳቀሰውና የሚያድነው በሌሊት ነው። ስለዚህ እኔ የምፈራው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ያለው ነው። ፕራውን ከመደበቂያው ወጥቶ ገንዳው ጥግ ላይ፣ ውሃው ገጽ አጠገብ ከተንጠለጠለ አየር አጥሮታል።

ሁለት የአየር ፓምፖች አሉኝ፤ አንዱ በመብራት፣ ሌላው በባትሪ የሚሠራ። ባትሪውን የምሞላው ከትንሽ የፀሐይ ፓኔል ነው፤ ፀሐይ እዚህ አልጎደለችም፣ መብራት ግን ይጠፋል። ማቀዝቀዣ የሚሆነኝ ተራ ቬንትሌተር ነው። ክዳኑን በመረብ ተክቼ ንፋሱን በውሃው ገጽ ላይ ስለቀው ትነቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል፤ አየራችን ደረቅ በመሆኑ ይህ ዘዴ እዚህ በሚገባ ይሠራል። በጣም ሲብስ የቀዘቀዘ የሃይላንድ ጠርሙስ አንሳፍፋለሁ፤ በረዶ የሆነ ትልቅ ጠርሙስ ግን በአንዴ አልጨምርም። ድንገት የሚወርድ ሙቀት እንስሳውን ከሙቀቱ ባልተናነሰ ያስጨንቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ የትንኝ መድኃኒት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. በከተማችን ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ናት፤ የምትራባውም በየግቢያችን በምናጠራቅመው ውሃ ነው። እኔም ክሎሪኑ እንዲወጣ ውሃ በበርሜል አሳድራለሁ፤ በርሜሉ ደግሞ መከደን አለበት። በእጅ የሚገኘው አጎበር ቢሆንም የሚታደለው አጎበር በትንኝ መድኃኒት የተነከረ ነው፤ መድኃኒቱ ከትንኝ ይልቅ ለፕራውን ይብሳል። እኔ የምሸፍነው በስስ ነጭ ጨርቅ፣ ዙሪያውን በላስቲክ አስሬ ነው። የአየር ፓምፕ ደግሞ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ የሚነፋ መሣሪያ ነው፤ ክፍል ውስጥ የተነፋ ፍሊት በእርሱ በኩል በቀጥታ ገንዳ ይገባል። ስለዚህ ፓምፖቹን በረንዳ ላይ ሰቅዬ ቱቦውን በመስኮት አስገባሁ። ግድግዳ የምንጋራቸውን ጎረቤቴን፣ «እትዬ፣ ፍሊት ከመንፋትዎ በፊት ግድግዳውን ይምቱልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። አንድም ቀን አልዘነጉም፤ ሲመቱ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ገንዳውን በላስቲክ እሸፍናለሁ። ቤት ለቤት የሚረጩት ሠራተኞች ሲመጡ ግን አልከለክልም፤ የሰው ጤና ይቀድማል። ያን ዕለት ፕራውኖቹ በባልዲ፣ ከባትሪው ፓምፕ ጋር፣ ዘመድ ቤት ያድራሉ።

ምግቡ ቀላል ነው፤ ከአትክልት ቦታ የተቆፈረ ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ የዓሣ ሥጋ ቁራጭ፣ የተቀቀለ አተርና ዱባ። የምሰጠው ሲመሽ ነው፤ ጠዋት የተረፈውን አወጣለሁ። ዓሣ አብሬ አላኖርም። ቀን ላይ ዓሣው ስለሚያመልጥ ተስማምተው የሚኖሩ ይመስላል፤ በሌሊት ግን ዓሣው ወለል አጠገብ ሲያርፍ ፕራውኑ በረጃጅም አንቴናዎቹ እየዳሰሰ ይደርስበታል።

የዚህን እንስሳ ድካም ሁሉ የሚክሰኝ የወንዶቹ ነገር ነው። ወንዶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ትንንሾቹ፣ ብርቱካናማ ክንድ ያላቸው፣ ሰማያዊ ክንድ ያላቸው። ሰማያዊው የበላይ ነው። እርሱ ባለበት ትንንሾቹ እድገታቸው ይገታል። ብርቱካናማው በፍጥነት ያድጋል፤ ወደ ሰማያዊነት የሚለወጠው ግን በአካባቢው ካለው ሰማያዊ ሁሉ በልጦ ካደገ በኋላ ነው። ያኔ አሮጌው ጌታ ከሥልጣኑ ይወርዳል። ይህ በሰፊ ኩሬ የሚያምር ሥርዓት በ200 ሊትር ውስጥ የሚያበቃው በሬሳ ነው። ስለዚህ በአንድ ገንዳ አንድ ወንድና ጥቂት ሴቶች ብቻ አኖራለሁ።

ሁሉም ለማደግ ቅርፊታቸውን ይጥላሉ። ጠዋት ገንዳው ውስጥ የሞተ ፕራውን የሚመስል ባዶ ቅርፊት ይገኛል፤ ባለቤቱ ለስላሳ ሆኖ ተደብቋል። ቅርፊቱን አላወጣም፤ ማዕድኑን ለመመለስ ይበሉታል። ሴቷ የምትገናኘው ቅርፊቷን በጣለች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሌላ ለስላሳ ፕራውን ቢያገኝ የሚበላው ያ ወንድ፣ እርሷን በሁለት ክንዶቹ መካከል አስገብቶ ቆሞ ይጠብቃታል። ወደ እርሷ የሚቀርበውን ሁሉ፣ የእኔን መረብ ጭምር፣ ይመታል። መጀመሪያ ያየሁ ሌሊት ከገንዳው ፊት መነሳት አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ሴቷ ብርቱካናማ እንቁላሎች በሆዷ ሥር ትሸከማለች፤ በ28 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ግራጫ ሆነው ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ግን ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ያልቃሉ። ይህን ምሥጢር የፈታው በማሌዥያ ይሠራ የነበረው የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያ ሻኦ ዌን ሊንግ ነው፤ ጫጩቶቹ ጨው የተቀላቀለበት ውሃ እንደሚፈልጉ በ1961 እ.ኤ.አ. ደረሰበት። በሊትር 12 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ይበቃቸዋል። ትልቅ እስኪመስሉም አሥራ አንድ የእድገት ደረጃ ያልፋሉ፤ ሕያው የአርቴሚያ (በጨዋማ ውሃ የሚኖር ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን እንስሳ) ጫጩት ካልበሉ አይዘልቁም። አርቴሚያውን ስለማላገኝ ይህን ገና አልሞከርኩም።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ድርድር የለኝም፤ ማንም ሰው ሲሰለቸው ወንዝ ውስጥ እንዳይለቀው። «ጨው ስለሌለ አይራባም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። የእኛ ወንዞች የሚገኙት በአዋሽ ተፋሰስ ነው፤ አዋሽ ደግሞ የሚያበቃው ጨዋማ በሆነው አቤ ሐይቅ ነው፣ መንገዱም ላይ ሌሎች ሐይቆች አሉ። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚስማማው ቦታ የለም ብዬ አልወራረድም፤ ባይራባ እንኳ ከእስያ ይዞት የመጣው በሽታ ይበቃል። ማኖር የማይችል ሰው ገንዳ ላለው ይስጥ። ድሬዳዋ ውስጥ ከሆነ ለእኔ ያምጣልኝ፤ ለሴት ዛሬም ቦታ አለኝ፣ ለወንድ ግን መስታወት ቤት ያዘዝኩት ሁለተኛው ገንዳ እስኪደርስልኝ ይታገሠኝ።