ካፒታላቸው እያነሰ የሚሄደው ሰው

እኔና አክስቴ እንጀራ የምናቀርብለት ምግብ ቤት ባለቤት የንግድ አጀማመራቸውን በነገሩን ቁጥር መነሻ ካፒታላቸው ያንስ ነበር። መጀመሪያ የሰማነው በ600 ብር፣ በሁለት ጀበናና በአንድ ደርዘን ሲኒ ቡና መሸጥ እንደጀመሩ ነው። በሌላ ሳምንት ሒሳባችንን ልንጠይቅ ስንሄድ ብሩ 300፣ ጀበናውም አንድ ሆኖ ጠበቀን። ክፍያው በዘገየ መጠን የቀድሞ ድህነታቸው እየጠና ሄደና በመጨረሻ ያቺው አንዷ ጀበናም ከጎረቤት የተዋሷት ሆነች። ሒሳብ የተማርኩ ሰው በመሆኔ ቁጥር ሲለዋወጥ ሰምቼ ዝም ማለት ይከብደኛል፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ሊቀበል የሄደ ሰው የከፋዩን ታሪክ ሊያርም አይችልም።

አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ማቅረብ የጀመረችው በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ እቁብ በደረሳት ሰሞን ነው። በእቁቡ ገንዘብ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምጣድና ሁለት ትልልቅ የሊጥ በርሜሎች ገዛች፤ የተረፈው ለወፍጮና ለመብራት ሆነ። ጤፉን እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ፣ የሚያውቃት ሰው ዋስ ሆኖላት፣ በየሳምንቱ አንድ ኩንታል በዱቤ ይሰጣት ነበር። እኔ ደግሞ ደብተሩን እይዛለሁ፤ ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊትም እንጀራውን አደርሳለሁ። ለሥራው ያዋጣሁት ይኸው ሲሆን የትርፍ ድርሻዬንም በቁርስ መልክ እወስድ ነበር።

በትንሽ ገንዘብ ስለሚጀመር ሥራ የሚመክሩ ሰዎች ምን ምን ዕቃ እንደሚገዛና ዕቃው ስንት ብር እንደሚያወጣ ይዘረዝራሉ፤ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ የሚያሰላ ግን እምብዛም አላየሁም። ጤፉ ተነፍቶና ተፈጭቶ፣ በእርሾ ተቦክቶ፣ አብሲት እስኪጣልበት ድረስ ሦስት ቀን ያህል በርሜል ውስጥ ይቀመጣል፤ በእነዚያ ቀናት የእህል ነጋዴው ሳምንት መቆጠሩን አያቆምም። እቁቡም ቢሆን አላለቀም፤ እቁብ የበላ ሰው ዙሩ እስኪያበቃ መጣል ግዴታው ነው፣ የእቁቡ ዳኛም «ምግብ ቤቱ ስላልከፈለኝ ነው» የሚል ምክንያት አይሰማም። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ መብራቱ ኃይል ስለሚያጣና ምጣዱ ስለማይግል፣ አክስቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ትጋግር ነበር። በዚህ ሁኔታ በየቀኑ 70 እንጀራ፣ አንዱን በ10 ብር ሒሳብ፣ ለምግብ ቤቱ እናስረክባለን። ስንስማማ ክፍያው በየሳምንቱ እንደሚሆን ተነግሮን ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ግን «እዚህ ቤት ሒሳብ የሚዘጋው በወር ነው» ተባልን።

ስለዚህ አክስቴ ለሰባት ቀን የተበደረችውን ጤፍ ለሠላሳ ቀን መልሳ ታበድር ነበር ማለት ነው፤ ያውም ወለሉ እብነ በረድ ለሆነ፣ ከደጁ መኪና ለማይጠፋ ቤት። ይህንኑ ገንዘብ ከባንክ ቢፈልጉት ኖሮ ማስያዣና ወለድ ይጠየቁበት ነበር፤ አክስቴ የጠየቀችው ግን ባዶ ሰፌዷ እንዲመለስላት ብቻ ነው፣ እሱም አንዳንድ ቀን ይጠፋል። በትንሽ ካፒታል ሥራ ጀመርን የምንል ሰዎች ከእኛ በብዙ እጥፍ የሚበልጡትን ቤቶች ያለ ወለድና ያለ ዋስ ፋይናንስ እንደምናደርግ የገባኝ ያኔ ደብተሩ ላይ ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ስጽፍ ነው። የመጀመሪያውን ወር የተሻገርነው የአክስቴ ልጅ ከቤይሩት በላከችው ገንዘብ ነበር። ቤይሩት ያለችው ልጅ አዲስ አበባ ላለው ምግብ ቤት ብድር እየሰጠች መሆኗን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስለ ተመላሽ እንጀራ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ማታ ጠርዙ ደርቆ የሚመለሰው እንጀራ ጠዋት ስናስረክብ ዓይኑ ተቆጥሮ የተመሰገነው መሆኑን ብቻ ተናግሬ አልፋለሁ። አክስቴ አድርቃ ድርቆሽ ታደርገዋለች።

ወሩ ሞልቶ፣ መስከረም 2014 ላይ፣ የ21,000 ብር ሒሳባችንን ልቀበል ስሄድ ሒሳብ ሹሟ 14,700 ብር ብቻ የተጻፈበት ቫውቸር አቀረበችልኝ። ወጣት፣ ትሑትና ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት።

«30 በመቶው ዊዝሆልዲንግ ነው፤ ከክፍያው ተቀንሶ ለመንግሥት የሚገባ ግብር» አለችኝ። «አክስትህ ቲን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አላቀረቡም።»

«መቀነስ ያለበት እኮ አቅርቦቱ ከ10,000 ብር በላይ ሲሆን ነው። እኛ በቀን የምናቀርበው የ700 ብር እንጀራ ነው።»

«እኔ የምከፍለው 700 ብር አይደለም፤ 21,000 ብር ነው።»

«21,000 የሆነው እኮ ወር ሙሉ ስላልከፈላችሁን ነው!»

«እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ቫውቸሩን ነው።»

የሙያ ባልደረባ ሆኜ ስመለከተው ልጅቷ ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለዕቃ አቅርቦት ከሚፈጸም ከ10,000 ብር በላይ ክፍያ ላይ 2 በመቶ እንዲቀነስ፣ አቅራቢው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ካላቀረበ ደግሞ ቅናሹ 30 በመቶ እንዲሆን በወቅቱ ያዝ ነበር። አዋጁ ገደቡን ያስቀመጠው ለአንድ ግብይት ወይም ለአንድ የአቅርቦት ውል ስለሆነ፣ የየዕለቱ እንጀራ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ግብይት ነው ወይስ ወሩ በሙሉ አንድ ውል ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል። የማያከራክረው ነገር በየሳምንቱ ቢከፍሉን ኖሮ ክፍያው 4,900 ብር ብቻ ይሆን እንደነበር ነው። መዘግየታቸው እኛን ዕዳ ውስጥ መክተቱ ሳያንስ ቅጣት የሚመስል ተቀናሽም ወለደልን። ይህን ሁሉ አስቤ፣ ድንጋጌውን አትሜ፣ የሚመለከተንን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት፣ በማግሥቱ አክስቴን ይዤ ተመለስኩ።

ባለቤቱ በክብር ተቀበሉን። ቡና አስመጡልን። እኔ ወረቀቱን ዘርግቼ ገና «አዋጁ» ከማለቴ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እሱን እጠፈው። ንግድ ከወረቀት አይማሩትም።» ከዚያም ወደ አክስቴ ዞረው ታሪኩን ጀመሩ። የተዋሷት ጀበና የመጣችው በዚያ ቀን ነው። «እህቴ፣ አንቺ ምጣድ አለሽ፤ እኔ የሰው ጀበና ይዤ ነበር የተነሣሁት። ከሰል እንኳ መግዣ አልነበረኝም። አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ እግዜር ይስጣት፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ከሰል በዱቤ የምትሰጠኝ። ያቺ ሴት ባትኖር ዛሬ ይህ ቤት የለም። በትንሹ የጀመረ ሰው መታገሥ አለበት።»

አክስቴ ሲኒውን አስቀመጠች። ድምፅዋ ውስጥ ነገር ያለው አይመስልም ነበር፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ የጠየቀች ነበር የሚመስለው።

«ጋሼ፣ ለከሰሏ ሴትዮ በስንት ቀን ነበር የሚከፍሏት?»

«ቀን? ምን ቀን አለው!» አሉ ባለቤቱ፣ ጥያቄው ክብራቸውን እንደነካው ሁሉ ቀና ብለው። «ማታ ማታ ነዋ! ሳልከፍላት አድሬ አላውቅም። ደሃ ናት እኮ፤ በምን ታድራለች?»

ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። ሒሳብ ሹሟ ዓይኗን ካልኩሌተሩ ላይ ተክላ ቀረች። እኔ በዚህች ቅጽበት የሚጨመር ቃል አግኝቼ ነበር፤ በጣም ጥሩ ቃል ነበር፣ አሁንም ድረስ አስታውሰዋለሁ፤ ግን አክስቴ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጫን ስላደረገችኝ ዋጥኩት። እሷ ራሷም የጠየቀችውን አልደገመችም፣ አላብራራችም፤ ቡናዋን አንሥታ ፉት አለች። ባለቤቱ የተናገሩትን ቆይተው የሰሙት ይመስለኛል። ፊታቸው ላይ ኀፍረት አይቻለሁ ብዬ ለዘመድ ሁሉ ያወራሁ ቢሆንም፣ ቀስ ብዬ ሳስበው ያየሁት ብስጭት ሊሆን ይችላል። ለሒሳብ ሹሟ «ክፈያቸው» ብለዋት ተነሡ። የከፈለችን ግን ያንኑ 14,700 ብር ነው፤ ስለ ቀሪው 6,300 ብር ያመጣሁት ወረቀት እንደታጠፈ ወደ ኪሴ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ እንጀራ አቅራቢ እንዳገኙ በስልክ ተነገረን።

ለእኔ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ለሰፈር ሱቆች፣ አንዱን እንጀራ ቀደም ከምትሸጥበት በ1 ብር አሳንሳ፣ በእጅ በእጅ መሸጥ ጀመረች፤ በትርፍ ቀነስን፣ በእንቅልፍ ግን ጨመርን። ሁዳዴ ሲገባ ያ ምግብ ቤት በበያይነቱ ፈላጊ ተጨናነቀ፤ አዲሱ አቅራቢም ጤፉን ከሩዝ ጋር ይደባልቅ ኖሮ እንጀራው ሳይውል ይሰባበር ጀመር። የግዥ ሠራተኛው አክስቴ ቤት ድረስ መጣ። እሷም ዋጋ አልጨመረችም፤ ያቀረበችው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር።

«ጋሼን እንደ ከሰሏ ሴትዮ ያድርጉኝ ብላለች በላቸው።»

ተስማሙ። ከዚያ ጀምሮ ማታ ማታ 700 ብር በቴሌብር ይገባላት ጀመር፤ ለአንድ ቀንም አላጓደሉም። ሒሳብ ሹሟ በወር አንድ የነበረው ቫውቸር ሠላሳ ስለሆነባት ባየችኝ ቁጥር ፊቷን ታጠቁራለች፤ እኔም ላጽናናት አልሞከርኩም። በትንሽ ካፒታል የሚሠራ ሰው ዱቤ መስጠት እንደሌለበት ከዚህ ነገር ተምሬያለሁ ብዬ ለአክስቴ ነግሬያት ነበር። እሷ ግን ከግቢዋ ጀርባ ተከራይተው ለሚኖሩ የቀን ሠራተኞች ያኔም ዛሬም እስከ ቅዳሜ በዱቤ ትሰጣለች፤ በደብተሬ ላይ እንድጽፈው እንኳ አትፈቅድልኝም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እነሱ ይከፍላሉ» ትለኛለች፣ እንደ ማስረጃ።

የሚከነክነኝ ሌላው ነገር ባለቤቱ ለእንግዶቻቸው አክስቴን ማሳየት መጀመራቸው ነው። «ይህችን ሴት ሥራ ያስጀመርኳት እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ እየከፈልኩ ነው ያሳደግኋት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አክስቴ አላረመቻቸውም። ከእኔ የበለጠ ነጋዴ መሆኗን የማምነው በዚህ ነው፤ እኔ ብሆን ደብተሩን አምጥቼ አነብላቸው ነበር።

አክስቴ የንግድ ፈቃድና መለያ ቁጥር አውጥታ፣ ያኔ የአነስተኛ ነጋዴዎች ምድብ የነበረው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ሆነች። የተቀነሰው 6,300 ብር ለግብሯ እንዲታሰብላት ለመጠየቅ ተቀናሹ ለመንግሥት ገቢ የሆነበት ደረሰኝ ያስፈልገናል። ደረሰኙን በጠየቅኳት ቁጥር ሒሳብ ሹሟ «ጋሼ ገና አልፈረሙበትም» ትለኛለች። የደረጃ «ሐ» ግብር የሚከፈለው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ነበር፤ አክስቴ በ2014 ዓ.ም. እስከ መጨረሻው ቀን፣ እስከ ሐምሌ 30 ድረስ ጠብቃ ሙሉውን ከኪሷ ከፈለች።