ስማርት አሌክ

ዋሽንግተን ዲሲ ፓርኪንግ ስንሠራ፣ አብሮን የሚሠራ አንድ የፒያሳ ልጅ ነበር። ምላሱ አያርፍም። ዩኒፎርሙን ግጥም አድርጎ ቡዝ ውስጥ እንደተቀመጠ አንድ ደንበኛ መጣና "እዚህ ነው የምትሠራው?" አለው። "ኧረ አይደለም፣ የመኪና ጭስ ስለሚስማማኝ ነው የምመጣው" አለ የኛ ልጅ። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። "ስማርት አሌክ!" አለውና ቲፕ ሰጥቶት ሄደ።

ሌላ ቀን ማናጀሩ "ለምን አረፈድክ?" ሲለው "ሰዓቱ ነው የቀደመኝ" አለ። ማናጀሩ ፈገግም አላለ። "ስማርት አሌክ አትሁንብኝ።" በማግስቱ የማስጠንቀቂያ ወረቀት መጣለት።

እንግዲህ ወሳኙ ማን ለማን እንዳለው ነው። በጓደኛ አፍ ጨዋታ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፣ ማለትም አለቃ ለሠራተኛ፣ አስተማሪ ለተማሪ፣ እናት ለልጇ ስትለው "አፍህን ሰብስብ" ማለት ነው። ትራፊክ ፖሊስ ካላችሁማ "ይስ ኦፊሰር" ብላችሁ ጸጥ።

አዲስ ገቢ "ስማርት" የምትለዋን ብቻ ይሰማና የተሞገሰ ይመስለዋል። "ታንክዩ" እንዳትሉ! ስማርት አሌክ እኛ ጋ "አጉል አራዳ" የምንለው ሰው ነው። አራዳ መሆን ያስመሰግናል፤ አጉሉ ሲጨመርበት ግን ሌላ ነው።

አሌክ ማነው? በ1840ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ አሌክ ሆግ የሚባል አጭበርባሪ ነበር። ሚስቱ ሜሊንዳ ወንዶችን አማልላ ቤት ታስገባለች። እሱ በግድግዳው ድብቅ በር ሾልኮ የእንግዳውን ኪስ ያራግፋል። ከዚያ ዞሮ፣ ከመንገድ የተመለሰ ባል መስሎ በሩን ይደበድባል። እንግዳው ልብሱን አፍሶ በመስኮት! ፖሊሶቹም ድርሻቸውን ይቀበሉ ነበር። አሌክ እነሱንም መሸወድ ሲጀምር ግን ዘብጥያ ወረደ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ። ስያሜው ከዚህ ሰውዬ ሳይመጣ አልቀረም ያለው ጄራልድ ኮሄን የተባለ የስላንግ (የአራዳ ቋንቋ) ተመራማሪ ነው። ግምት ቢሆንም እኔን አሳምኖኛል።

በዚሁ ትርጉም "ዋይዝ ጋይ" የሚሉትም አለ፤ እሱ ደግሞ የማፍያ አባልም ማለት ስለሆነ ለማን እንደምትሉት እዩ። "ስማርት አስ" የሚባለው የባለጌ ነው። በተለይ ሥራ ቦታ ባትሞክሩት ይሻላል።